የስድስት ሰዓቷ ልዩነት ስንት ታወጣለች?

በድሬዳዋ ገጠር በቢዮ አዋሌ «መኪናው በ3 ሰዓት ይነሳል» ከተባለ ማንም አይሳሳትም። ገበሬውም፣ ጫኙም፣ ደላላውም ፀሐይ ከወጣች ሦስት ሰዓት ሲሞላት መሆኑን ያውቃሉ። ይኸው ቃል በስልክ ጅቡቲ ተሻግሮ በፈረንሳይ አቆጣጠር በሚሠራ ተቀባይ ወረቀት ላይ «3:00» ተብሎ ከሰፈረ ግን ትርጉሙ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ተዛንፏል ማለት ነው። ጫት ደግሞ እንደ ቡና በመጋዘን የሚያቆዩት ዕቃ አይደለም፤ ጠዋት የተቆረጠው ከሰዓት በኋላ ዋጋው ሌላ ነው።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ድሬዳዋና ጅቡቲ ቅንጣት የሰዓት ልዩነት የሌላቸው መሆኑ ነው። ሐርጌሳና ጅዳም እንደዚሁ። አራቱም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። የሚለያየው ጊዜው ሳይሆን የጊዜው ስም ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት እንቆጥራለን፤ የአየር መንገድ ትኬት፣ የባንክ መልእክትና የመርከብ ሰነድ ግን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራሉ።

ስለዚህ ከውጭ ጋር የሚሠራ ነጋዴ ሁለት የተለያዩ ሂሳቦች አሉበት። አንደኛው የአገር ልዩነት ነው። ሁለተኛው የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ብዙውን ጊዜ ኪሳራ የሚመጣው ሁለቱን በአንድ ጊዜ በጭንቅላት ለመሥራት ሲሞከር ነው። የዱባዩ ደንበኛ «በ10 ሰዓት ደውል» ቢል መጀመሪያ አንድ ሰዓት ተቀንሶ 9፣ ቀጥሎ ስድስት ተቀንሶ ጠዋት 3 ሰዓት ይሆናል። አንዱን የዘለለ ወይም አንዱን ሁለት ጊዜ የቀነሰ ሰው የሚያገኘው የተዘጋ ቢሮ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን በየአገሩ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት እንዲህ ያሳያል፦

ጅቡቲ፣ ሐርጌሳ፣ ጅዳ — 12:00
ዱባይ — 13:00
ጓንግዡ — 17:00
ለንደን — በክረምታቸው 9:00፣ በበጋቸው 10:00
ኒውዮርክ — በክረምታቸው 4:00፣ በበጋቸው 5:00

ከዚህ እንደሚታየው ከቻይና ዕቃ የሚያስመጣ የድሬዳዋ ነጋዴ ለምሳ ሲነሳ ሻጩ ቢሮውን እየቆለፈ ነው። ዋጋ መጠየቅ ያለበት በጠዋቱ ነው። የቡና ላኪው ችግር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ የኒውዮርክ ገበያ የሚደራው ድሬዳዋ ወደ ማታ ስታዘነብል ነው።

የሐረር ቡና ነጋዴ በተለይ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የበጋ ሰዓት የሚባለው ልማድ ነው። እኛ ዘንድ የለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይዞራል፤ የሚዞርበትም ቀን አንድ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በማርች ሁለተኛ እሑድ ወደፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ወደኋላ ትመልሳለች። አውሮፓ የሚያዞረው በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ነው። በመሆኑም በእኛ መጋቢት ውስጥ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት፣ በጥቅምት ደግሞ ለአንድ ሳምንት ያህል በለንደንና በኒውዮርክ መካከል የለመድነው የአምስት ሰዓት ርቀት ወደ አራት ይወርዳል። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቁጥር የሚቀንስ ሰው በእነዚያ ሳምንታት ገበያው ከተዘጋ በኋላ ሊደርስ ይችላል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ቀላል ሰንጠረዥ ነው። በኤክሴልም ይሁን በተራ ጽሑፍ ማዘጋጃ ሊሠራ ይችላል። ለምሳሌ ኢማክስ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ያለው የኦርግ ሰንጠረዥ አምዶቹን በቁም መስመር ለይቶ ሰዓት ይደምራል፣ ይቀንሳል። ዋናው ቁም ነገር አሠራሩ ነው። የመጀመሪያው አምድ ሁልጊዜ የግሪንዊች ሰዓት ይሁን፤ ሌሎቹ አምዶች ሁሉ ከእርሱ ይመዘዙ። ከጅቡቲ ወደ ዱባይ፣ ከዱባይ ወደ ለንደን እየተንጠላጠለ የሚሄድ ሂሳብ አንድ ቦታ ሲሳሳት ተከታዩን ሁሉ ይዞ ይወድቃል።

ማሽኑን አምኖ መተኛትም አያዋጣም። ኦርግ ላይ በ22:00 ላይ 3 ሰዓት ቢደመር መልሱ 25:00 ነው። ኤክሴል በበኩሉ 1:00 ይላል፤ ቀኑ መዞሩን ግን አይናገርም። ከ3:00 ላይ 6 ሰዓት ቢቀነስ ደግሞ ኤክሴል ቁጥሩን ትቶ የምልክት ሰልፍ ይደረድራል። እንዲህ ሲሆን 24 ሰዓት ጨምሮ መቀነስ፣ በጎንም የቀን አምድ ማኖር ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ «አዲስ አበባ» ተብሎ ሲታዘዝ የሚሰጠውም ግሪንዊች ሲደመር 3 ብቻ ነው። የእኛን ስድስት ሰዓት የሚቀንሰው ባለቤቱ ነው።

የቀኑ አምድ ቅንጦት አይደለም። የኒውዮርክ ገዢ በጃንዋሪ ወር «ዋጋዬ የሚጸናው እስከ ዓርብ 17:00 ነው» ቢል በእኛ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። እኛ «ዓርብ ሌሊት» የምንለውን የአየር መንገዱ ትኬት ቅዳሜ 1:00 ብሎ ይጽፈዋል። ዓርብን ይዞ ቀኑን ያልለወጠ መንገደኛ አውሮፕላኑ ከበረረ ከአንድ ቀን በኋላ፣ ወይም አንድ ቀን ቀድሞ ጣቢያው ይገኛል።

በባንክ በኩል ያለውም እንዲሁ ይቅርታ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበት የሌተር ኦፍ ክሬዲት ዓለም አቀፍ ደንብ፣ ዩሲፒ 600፣ ባንክ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የቀረበለትን ሰነድ የመቀበል ግዴታ እንደሌለበት ይደነግጋል። ሰነዱ የሚቀርበው ለንደን ከሆነ የሚቆጠረው የለንደኑ መስኮት እንጂ የድሬዳዋው አይደለም።

ስለዚህ ደላላው በስልክ ሰዓት ሲቀጥር ሦስት ነገር ቢናገር ይበጀዋል፦ ቁጥሩን፣ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን፣ በማን አቆጣጠር እንደሆነ። «ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት በኢትዮጵያ፣ 9:00 በጅቡቲ» ለማለት ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ቢዮ አዋሌ የተቆረጠ ጫት ግን ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ከቆመ በኋላ ማንም ወደ ጠዋቱ አይመልሰውም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።