ከፎገራ ሜዳ ወደ ስሜን ተራራ በአንድ ቀን

የፎገራ ሰው ተራራን የሚያውቀው ከግርጌው ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ወርደው በክረምት ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት፣ ያመጡት ደለል ከማን ማሳ ታጥቦ እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ2010 ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት እኛ አራት መምህራን ሁለት ተማሪዎችን አስከትለን፣ ተራራን ከራሱ ላይ ሆነን ለማየት ከወረታ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመኪና ሄድን።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተን አዲስ ዘመንንና እንፍራንዝን በጨለማ አለፍን፤ ጎንደር ስንደርስ ነጋ። ከዚያ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ መልካም ስለ ሆነ ብዙ የሚነገርለት የለም። የፓርኩ መግቢያ ዋጋ የሚከፈለውና መሣሪያ የያዘው ጠባቂ የሚታዘዘው በደባርቅ ነው። ወደ ሰሜን የሚቀጥለው ጎዳና ጣሊያን በወረራው ዘመን በሊማሊሞ ገደል ላይ ያወጣው ነው፤ እኛ ግን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጠጠሩ መንገድ ታጠፍን።

ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ስትሆን ሳንቃበር ከ3200 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ጧት ይህን ያህል ከፍታ የወጣ ሰው ጥቂት እንደ ተራመደ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ስለዚህ ልጆች ይዞ የሚሄድ ወላጅ እንዳይሮጡ ይቈጣቸው፤ ጋቢም አይርሳ።

በሳንቃበር አጠገብ የጭላዳ መንጋ መንገዱን ሞልቶ አገኘነው። ከጦጣና ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ሣርን ዋና ምግቡ ያደረገ ጭላዳ ብቻ ነው። በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ሣሩን በሁለት እጃቸው ሲነጩ ላያቸው፣ ሩዝ የሚያርሙ የፎገራ ሰዎችን ይመስላሉ። ተማሪዎቹ በዚህ ብዙ ሳቁ። ጠባቂው ግን ቆሎ እንዳንሰጣቸው ከለከለን፤ የሰው እህል የለመደ ጭላዳ ኋላ ማሳ ይገባልና።

ከጅንባር ፏፏቴ አልፈን፣ በአስታውና በጅብራው መካከል ጨነቅ ደረስን። ዋልያ የታየን በዚያ ነው። ሦስት ወንዶች ቀንዳቸውን ወደ ኋላ ቆልምመው በገደሉ ጠርዝ ቆመው ነበር። ይህ እንስሳ በዓለም ከስሜን በቀር ሌላ አገር የለውም፤ ነገር ግን አባቶቻችን ቀንዱን ለዋንጫ፣ ሥጋውን ለምግብ ሲሉ ሊያጠፉት ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ። በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ስፍራዎች ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ፤ ይኸውም ላሊበላና ስሜን ናቸው። በ1989 ዓ.ም. ስሜን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ጋር ተጻፈ፤ ከዚህም ዝርዝር የወጣው እኛ ከመሄዳችን ጥቂት ወራት በፊት፣ በ2009 ዓ.ም. ነው።

(የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ በስተ መጨረሻ ወደ ስሜን ገብቶ በዚያው እንደ ተሰወረ አበው ያስተምራሉ። የጨነቅን ጸጥታ የሰማ ሰው ስፍራውን ለምን እንደ መረጠው አይጠይቅም።)

ከተማሪዎቹ አንዱ ሣሩ ላይ የቤት ፍርስራሽ ስለ መኖሩ ጠባቂውን ጠየቀው። በፓርኩ ውስጥ ግጭ የሚባል መንደር ነበር፤ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ገብስ ሲዘሩበትና ከብት ሲያሰማሩበት ኖረው፣ በ2008 ዓ.ም. ካሣ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። ልጁም፣ ለፍየል ተብሎ ሰው ከአገሩ ይነሣልን? አለ። ከመምህራኑ አንዱ ሊገሥጸው ሲቃጣ እኔ ከለከልሁት፤ ጥያቄው የተገባ ነበርና። እንዲህም አልሁት፤ ቁልቁለት ሲታረስ አፈሩ እንደሚሄድ አንተ የፎገራ ልጅ ከማንም ይልቅ ታውቃለህ፤ የግጭ ሰው የከፈለው ግን እኔና አንተ ያልከፈልነውን ነው። ገብስ ሲያመርት የኖረ ገበሬ በከተማ ገብስ ሲገዛ፣ የተቀበለው ገንዘብ ቢያልቅ ማን ይጠይቅለታል? ልጁ ዝም አለ፤ ጠባቂውም እንዲሁ።

ከዚያ ወዲህ ስሜን ብዙ አይቷል። በ2011 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ጓሳውንና አስታውን በላ፤ ከእስራኤል የእሳት መከላከያ ሰዎች እስኪመጡ ድረስ የደባርቅ ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ታገለው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ፤ ጎብኚውም ቀረ። ዛሬ ይህን ጉዞ የሚያስብ ቤተ ሰብ አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት በጎንደርና በደባርቅ ጠይቆ ይነሣ።

እኛ ከጨነቅ በ8 ሰዓት ተመልሰን ወረታ የገባነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ቀኑ አይበቃም፤ ሁለት ቀን ያለው ሰው በደባርቅ ቢያድር ይሻለዋል።