የሙዚቃ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና፦ ከአሽዶድ የሚነሳ ዝግጅት

የሙዚቃ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና አመልካቹ በመምህራን ፊት ቀርቦ የሚጫወትበት ወይም የሚያዜምበት፣ ከዚያም ኖታ የማንበብና ድምፅ የመለየት ችሎታው የሚመዘንበት ፈተና ነው። በእስራኤል ወጣቶች «ኦዲሽን» ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው፦ በዋናው መሣሪያ የሚቀርብ ጨዋታ፣ የቲዎሪና የሶልፌጅ (ኖታ አይቶ የማዜምና ድምፅ የመለየት) ፈተና፣ በመጨረሻም አጭር ቃለ መጠይቅ። ዲግሪ የሚሰጡ ተቋማት ባግሩት የሚባለውን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት ይጠይቃሉ፤ ሆኖም ባግሩቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ፈታኞቹ ፊት የጎደለውን አይሞላም።

አሽዶድ ላደገ ልጅ የመጀመሪያው ጥያቄ የት ያመልክት የሚለው ነው። በከተማው ኮንሰርቫቶሪዮን እስከ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ መማር ይቻላል፤ ለዲግሪ ግን ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ግድ ነው። የኢየሩሳሌም የሙዚቃና የዳንስ አካዳሚ ከክላሲካል ሙዚቃ ሌላ ጃዝና የምሥራቅ ሙዚቃ ያስተምራል። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የቡክማን መህታ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ከእስራኤል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር በመተባበር የተቋቋመ ሲሆን፣ ዋና ዓላማው ለኦርኬስትራ የሚበቁ ተጫዋቾችን ማፍራት ነው። በራማት ሃሻሮን የሚገኘው ሪሞን ከ1985 ጀምሮ ጃዝና ዘመናዊ ሙዚቃ ያስተምራል፤ እዚያ የተወሰደ ትምህርት በቦስተኑ በርክሌ ኮሌጅ ተቀባይነት አለው። ሙላቱ አስታጥቄ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆነው የገቡት በዚሁ በርክሌ ነበር። ከመሣሪያ ይልቅ ማስተማር የሚስበው ደግሞ በቴል አቪቭ ሌቪንስኪ የሙዚቃ መምህራን ሥልጠና ያገኛል። የሚጫወቱት ሥራ ከመመረጡ በፊት ተቋሙ መለየት አለበት፤ አንዱ የባህን ፉጋ ሲጠይቅ ሌላው በብሉዝ ላይ ፈጥሮ መጫወትን ይጠይቃልና።

ጊዜ በእስራኤል የተለየ ስሌት አለው። ሴቶች ሁለት ዓመት፣ ወንዶች ደግሞ ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በሠራዊት ያገለግላሉ፤ ይህ ጊዜ የሚውለው ጣት በሚፈታበትና ጆሮ በሚበስልበት ዕድሜ ነው። ሠራዊቱ በፈተና ለሚመርጣቸው ወጣቶች የ«ምርጥ ሙዚቀኛ» ደረጃ ይሰጣል። ይህን ያገኘ ወታደር ከአገልግሎቱ ጎን ለጎን ልምምዱን ለመቀጠል ይፈቀድለታል። ይህ ደረጃ መኖሩን የማያውቅ ቤተሰብ የማመልከቻው ጊዜ ካለፈ በኋላ ይሰማና ይቆጫል፤ ስለዚህ ልጁ 11ኛ ክፍል ሳለ መምህሩን መጠየቅ ተገቢ ነው። ደረጃውን ያላገኘም ቢሆን በእረፍት ቀናቱ ጥቂትም ቢሆን መጫወቱን ካላቋረጠ፣ ከሠራዊት ሲወጣ ወደ ቀድሞ አቅሙ መመለስ ያን ያህል አይከብደውም።

የሚቀርበው ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ከተለያዩ ዘመናት የተመረጡ ሥራዎችን ያካትታል። ከፒያኖ ተጫዋች ከባህ ሥራ አንድ፣ ከሃይድን፣ ከሞዛርት ወይም ከቤትሆቨን ሶናታ አንድ ክፍል፣ ከዚያም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወይም ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ሥራ ይጠበቃል። የቫዮሊን ተጫዋች ያለ አጃቢ የሚጫወተው የባህ ሥራና የኮንቸርቶ የመጀመሪያ ክፍል ያዘጋጃል። ብዙ ጊዜ ሁሉም በቃል ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ፤ አመልካቹ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሥራ መርጦ ለማስደነቅ ይሞክራል። ፈታኞቹ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ የምቱን ጽናት፣ የድምፁን ጥራትና ዜማው የት እንደሚተነፍስ ያዳምጣሉ። ልከኛ ሥራን አጥርቶ መጫወት ከባዱን እያነከሱ ከመጫወት ይሻላል። ዘግይቶ የጀመረም ተስፋ አይቁረጥ፤ ፒያኖና ቫዮሊን የልጅነት ዓመታትን ይጠይቃሉ፣ ድምፅ፣ ኮንትራባስ፣ ትሮምቦንና ጃዝ ግን በአሥራዎቹ አጋማሽ ለጀመረ ሰው ቦታ አላቸው።

ከሁሉ በላይ ዝግጅት የሚያንሰው የጆሮ ፈተናው ላይ ነው። ፈታኙ በፒያኖ ሁለት ድምፅ መትቶ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይጠይቃል፤ አጭር ዜማ አሰምቶ በኖታ እንዲጻፍ ወይም ተመልሶ እንዲዜም ያዛል፤ ሦስትና አራት ድምፅ ባንድነት መትቶ የኮርዱን ዓይነት ያስለያል። ከኢትዮጵያ ለመጣ ቤተሰብ ልጅ፣ በሠርግና በቤት ሲሰማው ያደገው ሙዚቃ እዚህ ላይ የሚረዳበትም የሚያጎድልበትም አለ። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ከዶ ሲጀመር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል፤ ፋና ሲ የሉበትም። በአምስቱ ድምፆች መካከል ግማሽ ቶን የሚባለው ጠባቡ ርቀት አይገኝም። የአውሮፓው ሜጀር ስኬል ደግሞ ግማሽ ቶኖቹን የሚያገኘው በእነዚሁ በጎደሉት ድምፆች በኩል ነው፤ ከሚ ወደ ፋ፣ ከሲ ወደ ዶ። እንግዲህ ትዝታን የለመደ ጆሮ አራተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ ለይቶ ማዜምን ቀዳሚ ልምምዱ ማድረግ አለበት። አምባሰል ግን ግማሽ ቶን አለው፤ ከዶ ሲነሳ ቀጥሎ የሚመጣው ሬ ቤሞል ነው። አምባሰልን በትክክል የሚያዜም ልጅ ያንን ጠባብ ርቀት ቀድሞውኑ ያውቀዋል፤ የሚቀረው ስሙን መማርና በወረቀት ላይ ማየት ብቻ ነው።

በምት በኩል የችክችካ ልማድ ትልቅ ሀብት ነው። በ6/8 የተጻፈ ሙዚቃ፣ ምቱ ለሁለትም ለሦስትም ሲከፈል የማይደናገር ልጅ ከሌሎች ቀድሞ ይይዘዋል። ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው ኮርድ ነው። መሰንቆና ዘፋኝ አንዱን ዜማ ተከታትለው ይጓዛሉ፤ የቄሶች የግዕዝ ጸሎትም የሚዜመው ያለ ኮርድ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሳክስፎን ወይም ዋሽንት የሆነ ልጅም ቢሆን በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ በኪቦርድ ላይ ኮርድ እየመታ፣ ድምፆቹን አንድ በአንድ እያዜመ መለየት ይኖርበታል።

የአገር ቤቱን ሙዚቃ ለፈተና ማቅረብ ይቻላል ወይ ለሚለው መልሱ እንደ ተቋሙ ይለያያል፤ በምርጫ በሚቀርበው ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ቦታ ይገኛል። ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን ጀምረው በካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የተማሩ ናቸው። ለንደን በሚገኘው ሮያል አካዳሚ የመማር ዕድል አግኝተው የመሄጃ ፈቃድ በመከልከላቸው ቀሩ። ከ1984 ጀምሮ በ2023 እስካረፉበት ድረስ በኢየሩሳሌም በደብረ ገነት ገዳም ኖረዋል። በ2013 እስራኤላዊቷ ፒያኒስት ማያ ዱኒየትስ በተሳተፈችበት ሥራ ድርሰቶቻቸው በኖታ ታትመዋል፤ ፈታኝ ፊት ሊቀመጥ የሚችል የተጻፈ ሙዚቃ አለ ማለት ነው። በጃዝ በኩል ሳክስፎኒስቱ አባተ በሪሁን ከፒያኒስቱ ይትስሃቅ የዲድ ጋር ያወጡት «ራስ ደሸን» ቅኝትን መሠረት አድርጎ ፈጥሮ መጫወት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ያሳያል። አሽዶድ ራሷም ትልቅ ምሳሌ አላት። በ1994 የተመሠረተው የእስራኤል የአንዳሉስ ኦርኬስትራ የሰሜን አፍሪካ አይሁድን ዜማ ከአውሮፓ ኦርኬስትራ መሣሪያዎች ጋር አዋህዶ ሲጫወት ቆይቶ በ2006 የእስራኤልን ሽልማት ተቀብሏል። ከቤት የመጣ ዜማ በኖታና በዲሲፕሊን ሲያዝ ከማንኛውም መድረክ እንደማያንስ የከተማዋ ልጆች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል።

ልምምዱ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ይጀመራል። በሳምንት አንድ ቀን አምስት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ አንድ ሰዓት መጫወት ይበልጣል፤ ጣት የተማረውን የሚያጸናው በእረፍትና በእንቅልፍ ነውና። አስቸጋሪው ቦታ ተለይቶ በሜትሮኖም በዝግታ ይደጋገማል፤ ፍጥነቱ የሚጨመረው ስህተቱ ሲጠፋ ብቻ ነው። በአፓርታማ ለሚኖር ቤተሰብ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ጎረቤት የሚያርፍበት ጊዜ መሆኑን አስቦ የልምምድ ሰዓት መደልደል ያስፈልጋል። ኖታ የማያነብ ወላጅም የሚረዳበት መንገድ ብዙ ነው፤ ጸጥታ ማስከበር፣ በስልክ መቅዳት፣ ዘመድ ሲሰበሰብ ልጁን አስነስቶ ማጫወት። በሰው ፊት መጫወት የሚለመደው በሰው ፊት በመጫወት ብቻ ስለሆነ ከፈተናው በፊት ደጋግሞ መሞከር ይገባል። በፒያኖ የሚያጅብ ሰው የሚያስፈልገው አመልካችም ከአጃቢው ጋር አስቀድሞ ይለማመድ።

በፈተናው ቀን ቀድሞ መድረስ፣ መሣሪያን ማሞቅ፣ ትርፍ ክር ወይም ሪድ መያዝ፣ የኖታውን ቅጂ ለፈታኞች ማዘጋጀት ይበጃል። ፈታኞች ጨዋታውን መሃል ላይ ቢያቋርጡ መጥፎ ምልክት አይደለም፤ የሚፈልጉትን ሰምተው ወደሚቀጥለው ለመሄድ ነው። ስህተት ሲፈጠር ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም ምቱን ይሰብራል፤ መቀጠል ይሻላል። በቃለ መጠይቁ ማንን እንደሚያዳምጥ፣ ለምን ያንን ተቋም እንደመረጠ ሲጠየቅ ከቤቱ ያመጣውን ሙዚቃ ሳያፍር መናገር አለበት።

ውጤቱ ከመቀበልና ካለመቀበል ሌላ ሦስተኛ መልክም አለው። ጨዋታው ጥሩ ሆኖ ቲዎሪው ያነሰ አመልካች በቅድመ ሁኔታ ሊገባ ወይም የመሰናዶ ትምህርት እንዲወስድ ሊጠየቅ ይችላል። እንዲህ ያለ መልስ የደረሰው ተማሪ ትምህርት ከበዓላት በኋላ በጥቅምት እስኪጀመር ድረስ በጋውን ለሶልፌጅ ያውለዋል፤ ያላለፈውም ፈታኞቹ የሰጡትን አስተያየት ጽፎ ይዞ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ማመልከት ይችላል።