ሦስት እልልታ

«ምን ተገላገለች?» ይላል አራስ ጠያቂ፣ ገና ሳይቀመጥ። እኔ ባደግሁበት መንደር መጠየቅም አያስፈልግም ነበር፤ እልልታው ሰባት ከሆነ ወንድ፣ ሦስት ከሆነ ሴት።

በነርስነት ስሠራ አንዲት እናት አራተኛ ሴት ልጇን ለ45 ቀን ክትባት ይዛ መጣች። ሕፃኗን አቀብላኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔም «መውለድ ያቃታቸው ስንት አሉ፣ አታማርሪ!» ብዬ ተቆጣኋት። የልጅን ጾታ የሚወስነው የአባት ዘር መሆኑን እንኳ አልነገርኳትም። ለቀጣዩ ክትባት ሳትመጣ ቀረች። ጡረታ ወጥቼም ያ ቃሌ ይቆረቁረኛል።

ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ሆድ መባስና ማልቀስ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይለቃል። ካልለቀቀ፣ ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እናቲቱ እንቅልፍ ካጣች፣ ልጇን ማቀፍ ከከበዳት፣ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ራሷን ወይም ልጇን ስለመጉዳት ካነሳች ግን ለነገ አይባልም፤ ብቻዋን ሳትተዉአት የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ነው።

ሥራ ልለቅ ስቃረብ አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ አራሶችን በሳምንት አንድ ቀን በቡድን ስታነጋግር ረዳቷ ሆንኩ። እንዲህ ያለው የቡድን ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2002 በዩጋንዳ ገጠር ተሞክሮ ድብርትን በእጅጉ ቀንሷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ስምንት ጊዜ ተገናኝቶ የሚሰጥበትን መመሪያ አውጥቷል።

ሰባት ነበሩ። ባልም አማትም አይገቡም። የመጀመሪያው ቀን ከሕፃናቱ በቀር ድምፅ ያሰማ የለም። በሁለተኛው አንዷ «ልጄን ጠልቼ አይደለም፤ አማቴ ሦስተኛው እልልታ ላይ ሲያቆሙ ነው የሞትኩት» አለች። ከጥግ ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ለእኔ ሰባቱም ተብሏል፤ ሦስት ወንድ ወልጄ የተመኘሁት ግን ሴት ነበር። ይኼ ለማን ይነገራል?» ስትል ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ለቅሶ ሆነ። ነርሷ ዝም ብላ አስለቀሰቻቸው። እኔ ብሆን «በቃ፣ በቃ» እል ነበር።

ቀሪው «በዚህ ሳምንት ለማን ምን ትናገሪያለሽ?» የሚል ጥያቄ ነው። ያቺ የመጀመሪያዋ ለአማቷ የምትለውን እኔን አማት አድርጋ ተለማመደች። ሁለት ጊዜ ድምፅዋ ጠፋ።

ከሳምንታት በኋላ ያወራችንን ፈቅዳልኝ እጽፈዋለሁ። ስትነግራቸው አማቷ ወጡን ማማሰል ትተው ዝም አሉ። ቆይተው «እኔ ስወለድማ ሦስቱም አልተባለልኝ» አሏት፤ ሕፃኗንም ተቀብለው አዘሏት።