የግዙፍ ኩባንያዎች ስጦታ በምን ይለካል?



አንድ ትልቅ ኩባንያ ለውሃ ወይም ለዛፍ ተከላ 30 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ የሚል ወሬ በሬድዮ ስንሰማ ብዙዎቻችን «እንዴት ያለ ቸርነት ነው!» እንላለን። በእርግጥ ገንዘቡ ብዙ ነው። ነገር ግን ስጦታ ብዙ ነው ወይም ጥቂት ነው ለማለት ሰጪው ምን ያህል እንዳለውና ከወሰደው ምን ያህሉን እንደመለሰ ማወቅ ያስፈልጋል። ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከመፋዛ ጀምሮ በገዳሪፍ ሜዳ ያለን ሰዎች ሁላችን የምናውቀው አንድ ዛፍ አለበትና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛፉ ሀሸብ ነው። ከግራር ወገን ሲሆን ዝናቡ አልፎ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ፣ ቅርፊቱ በመጥረቢያ ወይም ሱንኪ በሚባል ስለታም መሣሪያ ይላጣል። ከአንድ ወር በላይ ከቆየ በኋላ በቁስሉ ላይ የደረቀው ሙጫ ይለቀማል፤ ከዚያም እየተመላለሱ እስከ በጋው መጨረሻ ይለቅማሉ። ከአንድ ዛፍ በዓመት የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከሩብ ኪሎ አይበልጥም። ሀሸብ ሙጫ ብቻ ሳይሆን ለመሬቱም ባለውለታ ነው፤ ሥሩ አፈሩን ያዳብራል፣ ነፋስ ያግዳል። የዱሮ ገበሬዎች መሬቱ ሲደክም ሀሸብ እንዲበቅልበት ይተዉትና ከዓመታት በኋላ መልሰው ማሽላ ይዘሩበት ነበር። በ1940ዎቹ ለጦር ሠራዊት ቀለብ ተብሎ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ እርሻ በገዳሪፍ ከተጀመረ ወዲህ ግን ዛፉ በብዛት ተመነጠረ። የከሰል ንግድና የአገሬውም የስደተኛውም ማገዶ ተጨመረበት። ዛሬ እናቶችና ልጆች እንጨት ፍለጋ ርቀው የሚሄዱት ስለዚህ ነው።

ሙጫው የት ይሄዳል? ከዓለም የሙጫ ንግድ አብዛኛው ከሱዳን የሚወጣ ሲሆን፣ ለከረሜላ፣ ለመድኃኒትና ለቀለም ይውላል። በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ደግሞ የጣዕሙ ዘይት ከውሃው እንዳይለይ የሚያደርገው እርሱ ነው። ምን ያህል ተፈላጊ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ነገር ይበቃል፤ አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል ሙጫው ግን በልዩ ፈቃድ መግባቱን ቀጠለ። በ2007 በዋሽንግተን የሱዳን አምባሳደር ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጡ የኮካ ኮላ ጠርሙስ ከፍ አድርገው፣ ሙጫውን ብናቆም ይህን አታገኙም የሚል ማስፈራሪያ አሰምተው ነበር። ለነገሩ ሙጫው አልቆመም።

እንግዲህ ወደ ስጦታው እንምጣ። ኮካ ኮላ በ2009 በአፍሪካ ለ2 ሚሊዮን ሰዎች ንጹሕ ውሃ ለማዳረስ በስድስት ዓመት የሚከፈል 30 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ። በዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። በዚያው በ2009 የኩባንያው የተጣራ ትርፍ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ይህን ወደ ገበያችን ብናመጣው፣ አንድ ነጋዴ 1,000 ፓውንድ አትርፎ 73 ቂርሽ ያህል ሰጠ እንደማለት ነው፤ አንድ ፓውንድ እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ ፍርዳችን እንዳይጣመም። ኩባንያው የሰጠው ይህን ብቻ አይደለም፤ ካለፈው ዓመት የሥራ ትርፉ ቢያንስ ከመቶ አንዱን በየዓመቱ ለበጎ አድራጎት እንደሚያውል አስታውቋል። ማንም ያላስገደደው ሰው የሚሰጠውን መናቅም ነውር ነው፤ ጄሪካን ተሸክማ ለምትደክም እናት በአጠገቧ የተቆፈረ ጉድጓድ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም ከመቶ አንዱን ከሌላው ጎን እናስቀምጠው። ይኸው ኩባንያ በ2019 ይፋ በሆነ ዘገባ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ያህል የፕላስቲክ ማሸጊያ እንደሚጠቀም ራሱ ገልጿል። በገበያ ዳር ቦይ የሚደፍነውን ባዶ ጠርሙስ የሚያነሳው ማነው? ወጪው በኩባንያው መዝገብ አይገባም፤ በእኛ መንደር ይቀራል። በእኔ አስተያየት ስጦታው አነስተኛ የሚባለው በተለይ በዚህ የተነሳ ነው።

ከፋዩ ማን እንደሆነም መጠየቅ ይገባል። የቤት ዕቃ ሻጩ ኢኬያ በ2014 እና በ2015 አንድ የመብራት አምፖል ሲሸጥ አንድ ዩሮ ለተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽን እንዲገባ አድርጎ 30.8 ሚሊዮን ዩሮ ተሰብስቧል። መልካም ሥራ ነው፤ ቢሆንም አምፖሉም ተሸጦበታል። ከዚያ ይልቅ የሚያስመሰግነው የኢኬያ በጎ አድራጎት ድርጅት ከ2012 ጀምሮ በኢትዮጵያ በዶሎ አዶ ለሶማሊያ ስደተኞችና ለአካባቢው ነዋሪ ያዋለው ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ነው። በመስኖ የሚለማ መሬት ወጣበት፣ የፀሐይ ኃይል የሚሸጡ ማኅበራት ተቋቋሙበት፤ እዚህ መስኪት የምንለውን እሾሃማ ዛፍ እየቆረጡ ማገዶ የሚያደርጉ ማኅበራትም እንዲሁ። አንድ ቀን ፎቶግራፍ ተነስቶ የሚሄድ ሳይሆን ዓመታት የቆየ ነው።

ለሀሸብ ግን ከስጦታ ይልቅ ዋጋ ይበልጥበታል። በ1969 በሱዳን የተቋቋመው የሙጫ ኩባንያ ጥሬ ሙጫ ወደ ውጭ የመላክ መብት እስከ 2009 ለብቻው ይዞ ሲቆይ፣ ለለቃሚው ይደርስ የነበረው ከውጭው ዋጋ ጥቂቱ ነበር። ሙጫው ካላዋጣ ገበሬው ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል፤ ሊፈረድበትም አይችልም። በኤፕሪል 2023 የተነሳው ጦርነት ደግሞ መንገዱንም ገበያውንም አናግቶታል። አንድ ኩባንያ አሥር ሺህ ችግኝ ቢለግስ፣ ሀሸብ ሙጫ መስጠት የሚጀምረው ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ ችግኙ እስከዚያ በሕይወት መቆየቱ የሚወሰነው ገበሬው ለሙጫው በሚጠብቀው ዋጋ ነው።

ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች፦ በ2019 የኮካ ኮላ የሥራ ትርፍ 10.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ከመቶ አንዱ ስንት ይሆናል? ይህ ገንዘብ ለ3 ሚሊዮን ቶን ፕላስቲክ ቢከፋፈል ለአንድ ቶን ስንት ዶላር ይደርሰዋል? ስሌቱን ለወላጆቻችሁ ሠርታችሁ አሳዩ፤ መልሱን በደብተራችሁ ይዛችሁ ኑ።