የጥቅምት ባላንጣዎች፦ የቦስተን ደጋፊ ኒው ዮርክን የሚያይበት ዓይን

ጥቅምት ሲገባ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የዛፉ ቅጠል ይቀላል፤ ሌሊቱም መቀዝቀዝ ይጀምራል። በቦስተን ከተማ ግን ጥቅምት የሚታወሰው በብርዱ ብቻ አይደለም። የቤዝቦል ውድድር ወደ ፍጻሜው የሚቃረብበት፣ ሽማግሌውም ልጁም እስከ እኩለ ሌሊት ከቴሌቪዥን ፊት የማይነሣበት ወር ነው። በዚህ ሰሞን አንድን የቦስተን ሬድ ሶክስ ደጋፊ ማን እንዲያሸንፍ እንደሚሻ የጠየቀ ሰው መልስ ለማግኘት አይቸገርም። ቡድኑ በውድድሩ ውስጥ ካለ የራሱን ቡድን ይጠራል። ቡድኑ ከወጣ ደግሞ ምርጫው ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር የሚጫወተው ቡድን ነው፤ ያ ቡድን ማንም ይሁን ማን።

ለእንግዳ ሰው ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል። የራሱ ቡድን የሌለበት ጨዋታ ሰውን ስለምን እንቅልፍ ይነሣዋል? የቅዱስ ጊዮርጊስንና የኢትዮጵያ ቡናን ፍልሚያ ከደጋፊዎች መካከል ሆኖ ያየ ሰው ስሜቱን በጥቂቱ ይገምተዋል። የቦስተንና የኒው ዮርክ ባላንጣነት ግን ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የተላለፈ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት በመጀመሪያ የውድድሩን አካሄድ ማወቅ ያሻል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ162 ጨዋታ በኋላ የሚመጣው ፈተና

በቤዝቦል ሁለት ቡድኖች በየተራ ይመታሉ፤ በየተራም ይከላከላሉ። የአንዱ ቡድን ወርዋሪ ኳሷን ይወረውራል፤ የሌላው ቡድን መቺ በዱላ ሊመታት ይሞክራል። መቺው ከተሳካለት በሜዳው ማዕዘኖች ላይ ያሉትን ቤዝ የሚባሉ መርገጫዎች አንድ በአንድ እየረገጠ ይሮጣል። ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይያዛል። ኳሷን ከሜዳው አጥር ባሻገር የላከ መቺ ያለ ከልካይ ዞሮ ይገባል፤ ይህም ሆም ረን ይባላል። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር አለው። እንደ እግር ኳስ በ90 ደቂቃ የሚያበቃ አይደለም፤ ውጤቱ እኩል ከሆነ አንዱ እስኪያሸንፍ ድረስ ዙር እየተጨመረ ይቀጥላል።

በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር 30 ቡድኖች አሉ። አሜሪካን ሊግና ናሽናል ሊግ በሚባሉ ሁለት ሊጎች፣ በእያንዳንዱ 15 ሆነው ተከፍለዋል። አንድ ቡድን ከመጋቢት መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ 162 ጨዋታዎችን ያደርጋል። በዚህ ረጅም ጉዞ አንድ ሽንፈት ብዙ አያስደነግጥም፤ ነገ ሌላ ጨዋታ አለና። ከዚያ በኋላ ግን ከየሊጉ ስድስት ስድስት ቡድኖች ብቻ ወደ ማጠቃለያው ፍልሚያ ያልፋሉ። ፍልሚያውም አጭር ነው። የመጀመሪያው ዙር ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን፣ ሁለተኛው ከአምስት ሦስቱን ላሸነፈ ይሰጣል። የየሊጉ ፍጻሜና ወርልድ ሲሪስ የሚባለው የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች ፍልሚያ ደግሞ ከሰባት ጨዋታ አራቱን ማሸነፍ ይጠይቃሉ።

በገበሬ ቋንቋ ሲነገር ከመጋቢት እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ማረስ፣ መዝራትና ማረም ነው። ጥቅምት አዝመራው የሚሰበሰብበት ነው። ሰብሉ ያማረለት ገበሬ በአጨዳ ሰሞን ያለወቅቱ የሚዘንበውን ዝናብ እንደሚፈራ ሁሉ፣ ስድስት ወር ሙሉ ሲያሸንፍ የከረመ ቡድንም የጥቅምትን አንድ ሌሊት ይፈራል።

ቦስተንና ኒው ዮርክ በአንድ ሊግ፣ በዚያም ውስጥ በአንድ ምድብ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ በወርልድ ሲሪስ ሊገናኙ አይችሉም። አንዱ ወደዚያ ለመድረስ የሚሄድበት መንገድ በሌላው ደጅ ያልፋል። የባላንጣነቱ አንዱ ሥር ይህ ነው።

የተሸጠው ተጫዋች

ሌላው ሥር ወደ 1919 ይወስዳል። በዚያን ዘመን ቦስተን ኃያል ነበር። በ1903 የተደረገውን የመጀመሪያውን ወርልድ ሲሪስ አሸንፏል፤ እስከ 1918 ድረስም አምስት ጊዜ ባለድል ሆኗል። ያንኪስ በአንጻሩ አንድም ጊዜ አላሸነፈም ነበር። በ1919 ማብቂያ የቦስተን ባለቤት ሃሪ ፍሬዚ ቤብ ሩት የተባለውን ድንቅ ተጫዋች በ100 ሺህ ዶላር ለኒው ዮርክ ሸጡት።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ ከተሞች ዕጣ ተለዋወጠ። ያንኪስ በ1923 የመጀመሪያውን ድል አገኘ፤ እስከ 2000 ድረስም 26 ጊዜ አሸነፈ። ቦስተን በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ጊዜ አላሸነፈም። በ1946፣ በ1967፣ በ1975 እና በ1986 ወርልድ ሲሪስ ደርሶ አራቱንም ጊዜ በሰባተኛው፣ በመጨረሻው ጨዋታ ተሸነፈ። ሕዝቡም ነገሩን በቤብ ሩት ቅጽል ስም "የባምቢኖ እርግማን" ብሎ ጠራው።

ቁስሉን ያመረቀዙት ግን በራሱ በኒው ዮርክ እጅ የደረሱት ሽንፈቶች ናቸው። በ1978 ቦስተን በሐምሌ ወር ያንኪስን በ14 ጨዋታ ይመራው ነበር። መሪነቱ ቀስ በቀስ ተበልቶ ሁለቱ እኩል ጨረሱ፤ በቦስተን ፌንዌይ ፓርክ አንድ የመለያ ጨዋታ ተደረገ። ሆም ረን በመምታት የማይታወቀው ባኪ ዴንት ኳሷን ከአጥሩ በላይ ላካት፤ ያንኪስ 5 ለ 4 አሸነፈ። በ2003 ደግሞ በሊጉ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ቦስተን እስከ ስምንተኛው ዙር 5 ለ 2 ሲመራ ቆይቶ ውጤቱ እኩል ሆነ። በ11ኛው ዙር አሮን ቡን በመታው ሆም ረን ያንኪስ አለፈ። የቦስተን ልጆች እነዚህን ስሞች ከአባቶቻቸው የሰሙት በቁጭት ነው።

የአራቱ ሌሊቶች ታሪክ

በጥቅምት 2004 ሁለቱ ቡድኖች በሊጉ ፍጻሜ ዳግም ተገናኙ። ያንኪስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አሸነፈ፤ ሦስተኛውንም በቦስተን ሜዳ 19 ለ 8 በሆነ ሰፊ ውጤት ነበር ያሸነፈው። በቤዝቦሉ ታሪክ ሦስት ለዜሮ ተመርቶ አራቱን በማሸነፍ የተረፈ ቡድን አልነበረም።

በአራተኛው ጨዋታ ዘጠነኛ ዙር ያንኪስ 4 ለ 3 ይመራል። ኳሱን የሚወረውረው ማሪያኖ ሪቬራ ነው፤ የመጨረሻውን ዙር በመዝጋት በዘመኑ አቻ ያልነበረው ሰው። የቦስተኑ ኬቨን ሚላር ሪቬራ አራት ጊዜ ዒላማውን ስለሳተ ያለ ምት ወደ መጀመሪያው ቤዝ ተሸጋገረ። በእርሱ ቦታ ፈጣኑ ዴቭ ሮበርትስ ገባ። ሮበርትስ የገባው ቤዝ ለመስረቅ ነበር፤ ይህም ወርዋሪው ኳሷን በሚለቅበት ቅጽበት ተነሥቶ ወደ ቀጣዩ ቤዝ መሮጥ ማለት ነው። በሜዳው ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሪቬራም ያውቃል። ሮበርትስ ሮጠ፤ ለጥቂት ቀድሞ ደረሰ። ቢል ሚውለር ኳሷን ሲመታ ሮበርትስ ገባና ውጤቱ እኩል ሆነ። በ12ኛው ዙር ዴቪድ ኦርቲዝ በሆም ረን ጨዋታውን ጨረሰው።

ቦስተን ቀጣዩን ጨዋታ በ14ኛው ዙር 5 ለ 4፣ ስድስተኛውን 4 ለ 2 አሸነፈ። ሰባተኛውንም ኒው ዮርክ ላይ 10 ለ 3 ረታ። በወርልድ ሲሪስም ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስን አራት ለዜሮ አሸንፎ የ86 ዓመቱን ጥበቃ አበቃ። በድሉ ማግሥት በርካታ ደጋፊዎች ወደ መቃብር ሥፍራ ሄዱ። ይህን ቀን ሳያዩ ባለፉ ወላጆቻቸውና አያቶቻቸው መቃብር ላይ የቡድኑን ባንዲራና ኮፍያ አኖሩ። የአንድ ደጋፊ የጥቅምት ስሜት የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ደጋፊው ሌሎችን ቡድኖች እንዴት ይመዝናል?

የቦስተን ደጋፊ ለሁሉም ተፎካካሪ አንድ ዓይነት ዓይን የለውም። ካርዲናልስ በ1946 እና በ1967 ቦስተንን አሸንፏል፤ ቦስተንም በ2004 እና በ2013 አሸንፎታል። ነገር ግን በሌላ ሊግ ያለና አልፎ አልፎ የሚገናኙት ቡድን ስለሆነ ቂሙ ሥር አልሰደደም። ከ1908 እስከ 2016 ድረስ 108 ዓመት ድልን የጠበቀው ቺካጎ ከብስም ለቦስተን ሰው የመከራ ወንድም ነበር። የከብስን ጥበቃ ያበቃውን ቡድን የገነቡት ቲዮ ኤፕስታይን፣ ቀደም ሲል የ2004ቱን የቦስተን ቡድን የገነቡት ሰው ናቸው።

የጥቅምት ወዳጅነት ግን ተለዋዋጭ ነው። በ2018 ቦስተን ወርልድ ሲሪስን ያሸነፈው ሎስ አንጀለስ ዶጀርስን ረትቶ ነው። በ2024 ቦስተን ለማጠቃለያው ፍልሚያ ሳያልፍ ቀረ፤ ያንኪስ ግን እስከ ወርልድ ሲሪስ ደረሰ። የገጠመው ያው ዶጀርስ ነበር፤ የዶጀርስ አሠልጣኝም ከ20 ዓመት በፊት በፌንዌይ ያን ቤዝ የሰረቀው ዴቭ ሮበርትስ ነበር። ዶጀርስ አራት ለአንድ አሸነፈ። የትናንቱን ተጋጣሚ ለአንድ ሳምንት ወዳጅ ለማድረግ ለቦስተን ደጋፊ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝም።

ደጋፊው ሊሸሸው የማይችለው እውነትም አለ። በ2002 የቦስተን ፕሬዚዳንት የነበሩት ላሪ ሉኪኖ ያንኪስን በገንዘቡ ኃይል ምክንያት "ክፉ ግዛተ ንጉሥ" ሲሉ ጠርተውት ነበር። ሆኖም ቦስተን ራሱ በ2004፣ በ2007፣ በ2013 እና በ2018 አሸንፏል፤ ከሀብታም ቡድኖችም አንዱ ነው። ዛሬ የትናንሽ ከተሞች ደጋፊዎች ቦስተንን የሚያዩት ቦስተን ኒው ዮርክን ባየበት ዓይን ነው።

ፉክክር የሚቆምበት ድንበር

ባላንጣነቱ ወሰን ያለፈበት ጊዜም ነበር። በ2003 የሊጉ ፍጻሜ በተነሣ ግርግር የ72 ዓመቱ የያንኪስ ረዳት አሠልጣኝ ዶን ዚመር ወደ ቦስተኑ ወርዋሪ ፔድሮ ማርቲኔዝ ሮጡ፤ ማርቲኔዝም ይዞ መሬት ላይ ጣላቸው። ዚመር በማግሥቱ እንባ እየተናነቃቸው ይቅርታ ጠየቁ። እኒሁ ዚመር በ1978 ባኪ ዴንት ቦስተንን ሲያስለቅስ የቦስተን አሠልጣኝ ነበሩ። ዛሬ በወዲያ ማዶ የሚሰደበው ሰው ትናንት በወዲህ ማዶ የተጨበጨበለት ነው።

በሚያዝያ 2013 ደግሞ ፉክክሩ ወደ ጎን የተተወበት ቀን መጣ። የቦስተን ማራቶን በሚካሄድበት ቀን ሬድ ሶክስ በየዓመቱ በፌንዌይ ረፋድ ላይ ይጫወታል፤ ሯጮቹም ወደ ፍጻሜው ሲቃረቡ በሜዳው አጠገብ ያልፋሉ። የዚያን ዓመት ማራቶን ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ሌሊሳ ዴሲሳ ነበር። እርሱ ከገባ ከሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ በፍጻሜው መሥመር አጠገብ ሁለት ቦንቦች ፈነዱ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ከ260 በላይ ቆሰሉ።

በማግሥቱ ማታ በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም፣ የቦስተን ደጋፊዎች በሜዳቸው በስምንተኛው ዙር የሚዘፍኑት ዘፈን ተሰማ። በስታዲየሙ ውጭም የሁለቱ ቡድኖች ዓርማ ጎን ለጎን ታየ። መቶ ዓመት ሲናቆር የኖረው ባላንጣ በኀዘን ቀን የባላንጣውን ዜማ አዜመ። በሰኔ ወር ሌሊሳ ዴሲሳ ወደ ቦስተን ተመለሰ፤ ያሸነፈበትን ሜዳሊያ ለተጎጂዎች መታሰቢያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጠ። በጥቅምት ሬድ ሶክስ ወርልድ ሲሪስን አሸነፈ፤ ከ1918 ወዲህ በራሱ ሜዳ ባለድል ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። የድል ሰልፉ በማራቶኑ የፍጻሜ መሥመር ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ተጫዋቾቹም ዋንጫውን በመሥመሩ ላይ አኖሩት።

በቀጣዩ ዓመት መስከረም የያንኪሱ ዴሪክ ጂተር የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው በፌንዌይ ፓርክ ነበር። 20 ዓመት ያህል ሲጮኹበት የኖሩት የቦስተን ደጋፊዎች ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡለት። ያም ሆኖ ፉክክሩ አልቀዘቀዘም። በ2018 እና በ2021 ቦስተን በማጠቃለያው ፍልሚያ ያንኪስን አሰናበተ፤ በ2025 ደግሞ ያንኪስ ብድሩን መለሰ።

የቦስተን ደጋፊ በቀጣዩ ጥቅምትም የኒው ዮርክን ሽንፈት ይመኛል፤ ልጁንም እንዲሁ ያስተምራል። ለጂተር ቆሞ ያጨበጨበው ግን ይኸው ደጋፊ ነው። የ2004ቱ ድል ከሌሎቹ ሁሉ በላይ የሚጣፍጠውም በያንኪስ ላይ የተገኘ በመሆኑ እንደሆነ ያውቃልና።