የአዲስ መኪና ዋስትና ለትንሿ ዕቃ ምን ያህል ይደርሳል?

አዲስ መኪና የገዛ ሰው ከቁልፉ ጋራ አንድ ትንሽ ደብተር ይቀበላል። ቁልፉን ወዲያው ይሠራበታል፤ ደብተሩን ግን መኪናው ኪስ ውስጥ ከትቶ ይረሳዋል። ይህ ደብተር የዋስትና፣ በተለምዶ አነጋገር የጋራንቲ ውል ነው። ሞተር ቢነክስ ወይም ካምቢዮ ቢሰበር ዋስትናውን የማያስታውስ ሰው የለም። ክላክስ ድምፁ ሲጠፋ፣ የመስኮት ማውረጃ እምቢ ሲል፣ ከአንድ ጎሚኒ ሥር ዘይት ጠብ ጠብ ሲል ግን «ይህማ ትንሽ ነገር ነው» ተብሎ ይታለፋል። በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ይህንኑ ትንሽ ነገር ነው።

ነገሩን እንድናስብበት ያደረገን አንድ አጋጣሚ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ገና ተማሪ ሳለን፣ ለተግባር ልምምድ ወደ ምዕራብ ጎጃም ተልከን ነበር። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የምንጓዘው በአንድ መሥሪያ ቤት ፒክአፕ ሲሆን፣ መኪናው ከተገዛ ዓመት አልሞላውም። ማንኩሳን እንዳለፍን የጎጃም ዝናብ ወረደ። የዝናብ መጥረጊያው ሁለት ጊዜ ተወራጭቶ ቀጥ አለ። ሾፌሩ በዕድሜ የበሰሉ ሰው ነበሩና ሳይደናገጡ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አወጡ። ፊውዙን አውጥተው አዩት፤ ደኅና ነው። የመጥረጊያው ጎማ አዲስ ነው። ዝም ያለው መጥረጊያውን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ነበር።

ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀን ቡሬ ገባን። በዚያ አንድ የጋራዥ ባለሙያ «ፈትቼ ልየው» ቢል ሾፌሩ እምቢ አሉ። እኛም «ጋሼ፣ ምናለ ቢያየው?» ብንላቸው፣ «ልጄ፣ ሌላ እጅ ከነካው ዋስትናው ይፈርሳል ይሉናል» ሲሉ መለሱልን። መኪናውን ወደ ሸጠው ድርጅት ወደ አዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። የተገኘው መልስ «የዝናብ መጥረጊያ በዋስትና አይሸፈንም» የሚል ነበር። ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሊወጣ የተዘጋጀው የሥራ ቡድን ሦስት ቀን ያለ መኪና ተቀመጠ።

በሦስተኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱ አንድ ወጣት ሠራተኛ ደብተሩን አውጥቶ ቢያነብ፣ ከዋስትና ውጭ የተደረገው የመጥረጊያው ጎማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለ ሞተሩ የተጻፈ ክልከላ አልነበረም። ይህንኑ ጠቅሶ ደብዳቤ ጻፈ። ድርጅቱም አመነ፤ ዕቃውንም የእጅ ሥራውንም ያለ ዋጋ ሠራ። ይሁን እንጂ መኪናው አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ የወጣው የነዳጅና የውሎ አበል ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥ ሆነ።

እንግዲህ ከዚህ ነገር የምንማረው ብዙ ነው። በመጀመሪያ ዋስትና ምን እንደሆነ እንወቅ። ዋስትና ማለት ፋብሪካው ወይም ሻጩ «በዕቃው ጥራት ወይም በአሠራሩ ጉድለት ምክንያት የሚበላሸውን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ያለ ክፍያ እጠግናለሁ ወይም እለውጣለሁ» ብሎ የሚገባው ቃል ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ «ዕቃው ትንሽ ነው ወይስ ትልቅ?» ሳይሆን «የተበላሸው ከአሠራሩ ጉድለት ነው ወይስ ከአገልግሎት ብዛት?» የሚል ነው።

በአገልግሎት የሚያልቁ ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ ከዋስትና ውጭ ናቸው። እነርሱም የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የዘይትና የአየር ማጣሪያ፣ አምፑል፣ ፊውዝ፣ የመጥረጊያ ጎማ፣ እንዲሁም ዘይትና ቅባት ናቸው። ጎማ ብዙውን ጊዜ የራሱ ፋብሪካ ዋስትና ሲኖረው፣ ለባትሪ የሚሰጠው ጊዜ ደግሞ ለመኪናው ከሚሰጠው ሊያጥር ይችላል። በሌላ ወገን ግን እነዚህን የሚያሠሩት ክፍሎች እንደ ውሉ ቃል በዋስትና ውስጥ ይገባሉ። አምፑል ቢቃጠል የባለቤቱ ወጪ ነው፤ የፍሬቻው ማብሪያ ቢበላሽ ግን የሻጩ ነው። የፍሬን ሸራ ቢያልቅ የባለቤቱ ነው፤ ዘይት ገፍቶ ፍሬኑን የሚያስይዘው ፖምፓ ቢያፈስ የሻጩ ነው። ፊውዝ አንድ ጊዜ ቢቃጠል ተራ ነገር ነው፤ በየሳምንቱ የሚቃጠል ከሆነ ግን የኤሌክትሪክ መሥመሩ ጉድለት እንዳለበት ያመለክታልና በዋስትና መመርመር ይገባዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የጊዜ ወሰን ነው። በብዙ አገሮች የተለመደው 3 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው የሚል ነው። «ቀድሞ የደረሰው» የሚለው ቃል ለከተማ ሰው ቀላል ይመስላል። ከቡሬ ባሕር ዳር በየቀኑ እየተመላለሰ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ ሚኒባስ ግን 100,000 ኪሎ ሜትር ማለት 333 የሥራ ቀን ብቻ ነው። ባለቤቱ የሦስት ዓመት ዋስትና አለኝ ሲል ዋስትናው በአንድ ዓመት ገደማ ያልቅበታል።

ሦስተኛው ዋስትናን የሚያፈርሰው ነገር ነው። ሰርቪስ በወቅቱ አለማድረግ፣ ከመጠን በላይ መጫን፣ የተበላሸ ነዳጅ መቅዳት፣ የኤሌክትሪክ መሥመር እየቀጠሉ ተጨማሪ መብራት ማስገባት፣ ግጭት፣ እነዚህ ሁሉ ሻጩን ነጻ ሊያወጡት ይችላሉ። በቆሎና በርበሬ በሚመረትበት በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ገጠር የበጋው አቧራ የአየር ማጣሪያን ቶሎ ይደፍናል፤ የክረምቱ ጭቃ ደግሞ ኩሽኔታና ጎሚኒ ይበላል። ስለዚህ በአስፋልት ለሚሄድ መኪና የተጻፈውን የሰርቪስ ጊዜ ሳይጠብቁ ቀደም ብሎ ማስመርመር፣ ማኅተሙንም በደብተሩ ላይ ማስመታት ያስፈልጋል።

ሰርቪሱ የግድ በሻጩ ጋራዥ ይደረግ ወይስ በሌላም ይቻላል የሚለው ጥያቄ በሌላው ዓለምም ብዙ አከራክሯል። በአሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የዋስትና ሕግ፣ ፋብሪካው ያለ ክፍያ እስካልሰጠ ድረስ ዋስትናውን በአንድ በተሰየመ ዕቃ ወይም ጋራዥ ብቻ ማሰርን በመርሕ ደረጃ ይከለክላል። ይህ የዚያ አገር ሕግ ነው። የእኛ ሰው ማየት የሚገባው የፈረመውን ውል ነውና፣ ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቅ ይገባል።

ታዲያ ደብተሩ ዝም ቢል ገዢው ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነውን? አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋራ የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ሕጉ በገዢውም ላይ ግዴታ ይጥላል። ይኸውም ዕቃውን በተቻለ ፍጥነት መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም የጉድለቱን ዓይነት ገልጾ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ነው። ተዋዋዮች ይህን ዋስትና በውላቸው ሊያጠቡት ይችላሉ። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል ከሸሸገ ግን በዚያ ውል ሊከለል አይችልም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶ ነበር።

የዚህ ሁሉ ክብደት የሚታወቀው ግን ከአዲስ አበባ ሲርቁ ነው። ፍኖተ ሰላም ከዋና ከተማው ከ380 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ይርቃል፤ በመካከሉም የዓባይ በረሃ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ደግሞ መንገዱ የሚዘጋበት፣ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎትም የሚቋረጥበት ጊዜ ሆኗል። የዋስትና ቀን ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ ቆሞ አይጠብቅም። ለዚህ ነው ለአንድ ወረዳ መሥሪያ ቤት መኪና የሚገዛ ሰው ከቀለሙና ከዋጋው ይልቅ አምስት ጥያቄዎችን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት። ፩ኛ፣ ከዋስትና ውጭ የሆኑት ዕቃዎች በዝርዝር ተጽፈዋልን? ፪ኛ፣ በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ ውል ያለው ጋራዥ አለን? ፫ኛ፣ ትንሽ ዕቃ በሚበላሽበት ጊዜ ዕቃው ወደ መኪናው ይላካልን ወይስ መኪናው ወደ ዕቃው ይሄዳል? ፬ኛ፣ የመጓጓዣው ወጪ የማን ነው? ፭ኛ፣ መንገድ ቢዘጋ ጊዜው ይራዘማልን?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ለትልቁ ባትሪ እስከ 8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ የ8 ዓመቱ ቃል ለባትሪው እንጂ ለበር እጀታው፣ ለማብሪያውና ለመጥረጊያው አይደለም። ገዢው በትልቁ ቁጥር ተደስቶ ትንሹን እንዳይረሳ ያስፈልጋል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ዛሬ ጠብ የምትል ዘይት ነገ ሞተር ታስነክሳለች፤ ያን ጊዜ ሻጩ «እያፈሰሰ ነድተኸዋል» ብሎ ቢከራከር ሊረታ ይችላል። በታየችበት ቀን ግን ቀኑ፣ የኪሎ ሜትሩ ቁጥርና የብልሽቱ ዓይነት ተጽፎ ቢላክ፣ ግልባጩም በእጅ ቢቀር፣ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያልቃል። በቃል ያለ ይረሳልና።

በቡሬ መንገድ ያየናቸው ሾፌር መኪናቸው ተጠግኖ ሲመለስ ደብተሩን ከኪሱ አውጥተው ለዚያ ወጣት ሠራተኛ ሰጡት። «ይኸ ከእንግዲህ አንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ እኔ መኪናውን እነዳለሁ፣ አንተ ደግሞ ወረቀቱን ንዳ» አሉት። በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ መኪና በሚገባበት ቀን፣ ደብተሩን የሚያነብ አንድ ሰው አብሮ ቢመደብ መልካም ነው እንላለን።