የመስሚያ መሣሪያ ጆሮን ያሰንፋልን?

«የመስሚያ መሣሪያ የቀረውን መስማት ይበላል፤ አንዴ የለመደው ጆሮም ሰንፎ ይቀራል» የሚለው ወሬ፣ የታዘዘላቸውን መሣሪያ በመሳቢያ ቆልፈው ከጨዋታም ከማኅበርም ርቀው የተቀመጡ ስንት አረጋውያን እንዳፈራ ስመለከት፣ ወሬው ከየት እንደ ተወለደና ስለ ምን ሐሰት እንደ ሆነ ማስረዳት ግዴታዬ መስሎ ታየኝ።

ድምፅ የጆሮን ታምቡር መትቶ በሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አማካይነት ወደ ውስጥ መግባቱን አንባቢ በትምህርት ቤት የተማረው ስለ ሆነ አልደግመውም። ቁም ነገሩ ያለው በውስጠኛው ጆሮ በተሰለፉት 15,000 ያህል ጸጉራም ሕዋሳት ዘንድ ነው፤ እነዚህም በዕድሜ፣ በወፍጮ ቤት ጩኸት ወይም እንደ ስትሬፕቶማይሲን ባለ መድኃኒት አንድ ጊዜ የሞቱ እንደ ሆነ በሰው ልጅ ዘንድ ዳግመኛ አይበቅሉም። አስቀድመው የሚጠፉት አብዛኛውን ጊዜ የቀጭን ድምፅ ተቀባዮች ናቸውና፣ በማኅሌት የቆሙ አባት ከበሮው እየተሰማቸው ጸናጽሉ ይጠፋባቸዋል፤ ልጃቸው «ሰፋ» ይበል «ተፋ» መለየት ይሳናቸዋል፤ ልጁ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ደግሞ «አትጩህብኝ» ይሉታል፤ ሁለቱም እውነታቸው ነው።

ይህ ጉድለት ብዙ ጊዜ በጽሞና ሰዓት የሚያፏጭ ወይም ጭው የሚል ጩኸት ያስከትላል። ጩኸቱ ከጆሮ የሚወጣ ቢመስልም፣ የመስማት ነርቫቸው በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ እንኳ ጩኸቱ ያልተዋቸው ሕሙማን ስላሉ፣ ሊቃውንት መኖሪያውን በአእምሮ ውስጥ ይፈልጉታል። የሩቅ ጣቢያ ድምፅ ሲደክምበት የራዲዮኑን ማጉሊያ እስከ መጨረሻው የሚያዞር ሰው፣ ከንግግሩ ጋር የራዲዮኑን መንሿሿት አብሮ ከፍ እንደሚያደርግ ሁሉ፣ ከጆሮ የሚደርሰው መልእክት የሳሳበት አእምሮም የጎደለውን ለማካካስ ሲተጋ፣ በነርቮቹ ዘወትር ያለውን እንቅስቃሴ እንደ ድምፅ ይሰማዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ሄለርና በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች 80 ጤነኛ ሰዎችን አንድ በአንድ ድምፅ በማይገባበት ክፍል ቢያስቀምጧቸው፣ ሁሉም ለማለት ጥቂት እስኪቀር ድረስ ድምፅ ሰማን አሉ። ሆኖም ይህ አስተያየት ሁሉን አይፈታም፤ መስማታቸው እጅግ ቀንሶ ጩኸቱን የማያውቁ አሉ፤ በተለመደው ምርመራ መስማታቸው ምሉዕ ሆኖ በጩኸቱ እንቅልፍ ያጡም አሉ።

እንግዲህ በልክ የተስተካከለ የመስሚያ መሣሪያ ሥራው ሁሉን አንድ ላይ ማስጮህ ሳይሆን፣ የጠፋውን ቀጭን ድምፅ ለይቶ፣ ዝቅተኛውን አብዝቶ ከፍተኛውን ቆጥቦ ማጉላት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የወረቀት መንኮሻኮሽና የማንኪያ ድምፅ ባለቤቱን ያስጨንቃል፤ አእምሮ ሲለምደው ግን፣ ማታ መሣሪያውን ሲያወልቅ ዓለም ከቀድሞው ይልቅ ጭር ያለችበት ይመስለዋል። ወሬው የተወለደው ከዚህች ሰዓት ነው፤ ጆሮው አልተጎዳም፣ ቀድሞ ያልታወቀው ጉድለት ዛሬ ታወቀው እንጂ። ሳይለካ ከገበያ የተገዛና ያለ ልክ የሚያጎላ መሣሪያ ግን በእርግጥ ሊጎዳ ይችላል።

ጩኸቱን በተመለከተ መሣሪያው ለብዙዎች የውጭውን ድምፅ በመመለስ የውስጡን ያደበዝዛል፤ ያድናል ማለት ግን አይደለም፤ ማስረጃውም ገና ስስ ነው። ጩኸቱ የልብ ትርታን እየተከተለ የሚመታ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ የሆነ፣ ወይም መስማት በአንድ ሌሊት ጠፍቶ የመጣ እንደ ሆነ፣ ከመሣሪያ በፊት ወደ ጆሮ ሐኪም መፍጠን ነው፤ በድንገት ለጠፋ መስማት የሚሰጠው መድኃኒት ይበልጥ የሚበጀው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነውና።